የቢሮ ሕንፃ ሲገመገም ሳይት ፕላኑን ማን ያነበዋል?

ጅማ ውስጥ አዲስ የቢሮ ሕንፃ ሊሠራ ነው ሲባል የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው። ስንት ፎቅ ነው? ቀጥሎ የመስታወቱ ቀለም ይጠየቃል። ባለቤቱም ስልኩን አውጥቶ ያቺን በኮምፒውተር የተሠራች ምስል ያሳያል። መብራቱ ቦግ ያለ ሕንፃ፣ ፊት ለፊቱ ሁለት የቅንጦት መኪና፣ ንጹሕ አስፋልት፣ ሰማዩ ላይ ደመና የለም፤ አንድም ባጃጅ የለም። ባጃጅ የሌለበት የጅማ መንገድ! እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ ነው። የራሴም የሌላ ሰውም ንድፍ ሲገመገም ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። አንድ የሚያበግነኝ ነገር አለ። የሕንፃው ፊት የተሳለበት ወረቀት ላይ ብዙ ይወራል። መስኮቱ ይስፋ፣ ይጥበብ፣ ቀለሙ ከጎረቤቱ ጋር ይሂድ፣ አይሂድ። የስትራክቸሩም ሰው፣ የኤሌክትሪኩም፣ የሳኒተሪውም የየራሳቸውን ያያሉ። ሕንፃው፣ መግቢያው፣ ማቆሚያውና የውሃው መውጫ ቦታው ላይ የት የት እንደሆኑ የሚያሳየው ሳይት ፕላን ጋ ሲደረስ ግን «ፓርኪንግ አለ? ስንት ነው? እሺ» ይባልና ወረቀቱ ይገለበጣል። መንገደኛው፣ ጎረቤቱ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ቢሮ የሚገባው ሠራተኛ ለሚቀጥሉት ሃምሳ ዓመታት አብሯት የሚኖረው ደግሞ ያቺው የተገለበጠች ወረቀት ናት።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏቸዋል። ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ፣ ወይም ቁመቱ ከመሬት ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ምድብ «ሐ» ውስጥ ይገባል። አራት ፎቅ ያለው ቢሮ እንግዲህ ከዚህ አያመልጥም። ከግንባታ ፈቃዱ በፊት የፕላን ስምምነት የሚባል ነገርም አለ። ቦታው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ ፊቱ ያለው መንገድ ወደፊት ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ምን ያህል መሬት ለቅቆ መሥራት እንዳለብህ የሚነገርህ እዚያ ላይ ነው። ይህን ወረቀት ብዙ ባለሀብት እንደ ቀረጥ ደረሰኝ ኪሱ ይከተዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የሕንፃው ግማሽ ንድፍ የተጻፈው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። አንድ የቡና ነጋዴ አሉ፤ ሀጂ እላቸዋለሁ፣ እኔም ሰውም የምንጠራቸው እንደዚያ ነው። ዋና መንገድ ዳር 500 ካሬ ቦታ አላቸው። ፊቱ 20 ሜትር፣ ወደ ውስጥ 25 ሜትር። ጂ ፕላስ 4 የቢሮ ሕንፃ ሊሠሩ ፈለጉ፤ ታች ሱቅ፣ ላይ ለባንክና ለድርጅት የሚከራይ ቢሮ።

«ልጄ፣ ፓርኪንጉ አያሳስብህ። ምድር ቤት ቆፍረን 20 መኪና እናስገባለን» አሉኝ።

ሀያ ከየት መጣ? አንድ መኪና ከነመተላለፊያው 25 ካሬ ይፈልጋል የሚል ነገር ሰምተዋል፤ 500ን ለ25 አካፈሉት። ሒሳቡ ትክክል ነው። አንድ መኪና ለመቆሚያ 2.50 በ5 ሜትር ይበቃዋል፤ ከኋላው ወጥቶ ለመዞር ደግሞ 6 ሜትር የሚሆን መተላለፊያ ይፈልጋል፤ ሁሉ ሲደመር 25 አካባቢ ይመጣል። ግን ምድር ቤቱ ባዶ ሜዳ አይደለም።

መጀመሪያ መውረጃውን እንይ። ከመንገድ እስከ ምድር ቤቱ ወለል 3.20 ሜትር እንውረድ እንበል። ለመኪና የሚመች ራምፕ ከ15 በመቶ በላይ ባይሾል ይመረጣል። 3.20ን ለ0.15 ስታካፍለው 21 ሜትር ከምናምን ይመጣል። ከላይ ደግሞ ከእግረኛው መንገድ በፊት ቢያንስ 4 ሜትር ሜዳ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ከታች የሚወጣ ሾፌር አፍንጫው ወደ ሰማይ ስለሚሆን ፊቱ የሚያልፈውን ሕፃን አያየውም። 21 ሲደመር 4፣ 25። የሀጂ ቦታ ራሱ 25 ሜትር ነው! መኪናው ታች ደረስኩ ሲል የኋላውን ግንብ ገጭቷል። ስለዚህ ራምፑ መታጠፍ አለበት፤ ሲታጠፍ ደግሞ ሌላ ቦታ ይበላል።

ቀጥሎ ኮለን አለ፤ ሕንፃውን የሚሸከመው ምሰሶ። ላይ ላለው ቢሮ 5 ሜትር በ5 ሜትር ኮለን መደርደር ቀላልና ርካሽ ነው፤ ሁሉም የሚያደርገው እሱን ነው። ኮለኑ 40 ሴንቲ ወፍራም ከሆነ በሁለቱ መካከል የሚቀረው 4.60 ነው። ሁለት መኪና 5 ሜትር ይፈልጋል። አልገባም! በእያንዳንዱ ክፍተት አንድ መኪና ብቻ፣ ጎኑ ላይ ለማንም የማይሆን ሁለት ሜትር ትርፍ። ኮለኑን ወደ 5.60 ብታራርቀው ሁለት መኪና ዘና ብሎ ይገባል፤ ነገር ግን ይህ ውሳኔ ከላይ ያለውን ፎቅ ሁሉ ስለሚነካ በመጀመሪያው ቀን ካልተወሰነ በኋላ አይሆንም። የስትራክቸር ሰዎችም ያጉረመርማሉ፤ ልክ ናቸው፣ በኮለኖቹ መካከል የሚጋደመው ቢም ይወፍራል፣ ብረቱ ይጨምራል።

ደረጃው፣ ሊፍቱ፣ የውሃ ታንከሩ፣ ጄኔሬተሩ አሉ። ሁሉንም ስቀንስ 20 ተብሎ የተጀመረው 8 ላይ ቆመ። ስምንት መኪና ለማቆም ያን ሁሉ ቁፋሮ፣ የመሬት መደገፊያ ግንብና ኮንክሪት! ሀጂ ወረቀቱን ትኩር ብለው ካዩ በኋላ «ስምንት ሞተር ሳይክል ነው ወይስ መኪና?» አሉኝ።

ወረቀት ላይ ግን 20ውን መሳል ይቻል ነበር፤ እዚህ ጋ ነው ጉዱ። መስመር ማስመር አይከብድም። ኮለን መሀል ላይ የተሳለ ማቆሚያ አይቻለሁ። በሩ የማይከፈትበት፣ ከመኪናህ በመስኮት ካልሆነ የማትወጣበት ማቆሚያም አይቻለሁ። ገምጋሚው የሚቆጥረው ቁጥሩን ብቻ ከሆነ ንድፍ ሠሪውም የሚስለው ቁጥር ይሆናል። ሕንፃው አልቆ ሥራ ሲጀምር መኪናው ሁሉ ውጭ አስፋልቱ ላይ ነው፤ ምድር ቤቱ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ገብቷል። መጋዘን፣ ሬስቶራንት፣ ጂም፣ ሱቅ። አዲስ አበባ ስንት ዓመት ከዚህ ጋር ስትታገል እንደኖረች ሁላችንም ዜና ላይ ሰምተናል፤ ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ የተፈቀደ ምድር ቤት ሱቅ ሆኖ ይገኛል፣ ይታሸጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይታሸጋል። የሚገርመኝ ግን አንዳንዱ ባለቤት እኮ ክፉ ሆኖ አይደለም። መጀመሪያውኑ መኪና ሊገባበት የማይችል ምድር ቤት ሠርቶ ምን ያድርገው?

ጅማ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ፤ ውሃ። ይቺ ከተማ ዝናብ አይቸግራትም። ክረምቱ ብቻ ሳይሆን በልጉም ይዘንባል። ከተማውን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ የሚወርደው አዌቱ ወንዝ አጠገብ፣ ወይም ቆላማው ሰፈር ውስጥ ሦስት ሜትር ስትቆፍር ውሃ ቀድሞህ እየጠበቀህ ሊሆን ይችላል። ፓምፕ ይገባል ይባላል። መብራት ሲጠፋስ? ጄኔሬተር። ጄኔሬተሩ የት ነው ያለው? ምድር ቤት! እንግዲህ ጎርፍ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰምጠው ውሃውን ሊያወጣ የነበረው ማሽን ነው። ይህንን ስብሰባ ላይ ሳነሳ ሰው ይስቃል፤ ግን ንድፉ ላይ ያለው እንደዚያ ነው።

ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ ማልበስም ያው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። 300 ካሬ የተነጠፈ ግቢ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 12,000 ሊትር ውሃ ነው፤ ከተማችን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ብድግ ብሎ እንዲህ የሚዘንብ ሰማይ አላት። ሳይት ፕላኑ ላይ አንዲት ቀስት ተስላ «ወደ ውጭ» ተብሎ ይታለፋል። ውጭ ማለት የማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ታች ያለው የጎረቤት ግቢ ነው። ስለዚህ አንድ ገምጋሚ ይህቺን ቀስት በጣቱ ተከትሎ እስከ መጨረሻው ቢሄድ ትልቅ ሥራ ሠራ ማለት ነው። የመንገዱ ቦይ ይቀበላል? ከግቢው ወለል ከፍ ያለ ነው ወይስ ዝቅ ያለ? ውሃው ሰርጎ የሚቀርበት አፈር ተተወ ወይ?

ሌላው ደግሞ ማን በምን እንደሚመጣ ነው። ጅማ ውስጥ ቢሮ ጠዋት ሲከፈት ቆማችሁ እዩ። በእግር የሚመጣ አለ። በባጃጅ የሚመጣ አለ፤ ይሄኛው ብዙ ነው። ትልልቆቹ መሥሪያ ቤቶች ሰርቪስ አላቸው። የራሱን መኪና ነድቶ የሚመጣው ከሁሉም ያነሰ ነው። እኛ ግን የምንከራከረው ስለ እሱ ብቻ ነው። ለባጃጁ አንድም መስመር አልተሳለለትም። ስለዚህ ባጃጁ በሩ ላይ ይቆማል፣ ሁለተኛው ከጎኑ ይደረባል፣ ሦስተኛው መሀል መንገድ ላይ ሰው ያወርዳል፣ ከኋላ አይሱዙ ጥሩምባውን ይነፋል። ከዚያ በባጃጅ ነጂዎች ሥርዓት አልባነት ላይ እናማርራለን። የት ይቁም? ንድፍ ሠሪውም ገምጋሚውም በባጃጅ መጥተው ነው ስብሰባው ላይ የተቀመጡት! አንድ ባጃጅ ርዝመቱ ከ2.60 ብዙም አይበልጥም። 12 ሜትር ጥግ ብትተውለት አራቱ ተራ ገብተው ሰው አውርደው ይሄዳሉ። ከምድር ቤት ስምንት መኪና ጋር ስታወዳድረው ዋጋው ኢምንት ነው።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ዓርብ ቀትር ላይ መስጊድ አካባቢ መኪና ይበዛል። ቡና በሚገባበት ወቅት ደግሞ የጭነት መኪናው አለ። እነዚህን የማያውቅ ከሌላ ከተማ የተገለበጠ የፓርኪንግ መስፈርት ለጅማ ብዙም አይጠቅምም። እንዲያውም በዓለም ላይ ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ እየሄደ ነው። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2004፣ ሜክሲኮ ሲቲ በ2017 «ቢያንስ ይህን ያህል ማቆሚያ ይኑርህ» የሚለውን ግዴታ ትተው «ከዚህ በላይ አትሥራ» ወደሚለው ዞረዋል። የእነሱ ችግር የእኛ አይደለም፤ እነሱ መኪና በዝቶባቸው ነው። ግን ዝቅተኛ ቁጥር ማስገደድ ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ እነሱም ከፍለው ነው ያወቁት።

አሜሪካ ብዙ ከተሞች ውስጥ የቢሮ ሕንፃ ሲታሰብ የሳይቱ አቀማመጥ ለብቻው ይገመገማል። ማቆሚያው ከሕንፃው ፊት ነው ወይስ ኋላ? በሁለት ረድፍ መኪና መሀል ዛፍ አለ? የዝናቡ ውሃ የት ይጠራቀማል? የማታ መብራቱ የጎረቤት መኝታ ቤት ውስጥ ይገባል? ለጎረቤት ደብዳቤ ይላካል፣ በግልጽ ስብሰባ ላይ መጥቶ ይናገራል። ይህንን ሙሉ በሙሉ እንቅዳ አልልም። እዚያም ጎረቤት ሁሉን ነገር እየተቃወመ ስንት ዓመት የሚጓተት ፕሮጀክት አለ፣ እኛ ደግሞ ጭቅጭቅ ከተፈቀደልን የምንመለስ ሰዎች አይደለንም። ግን ጎረቤቱ ነገሩን የሚሰማው ኤክስካቫተሩ አጥሩ ሥር ሲደርስ መሆን የለበትም። ሳይት ፕላኑን ብቻ፣ አንዲቷን ወረቀት፣ ቀበሌው በር ላይ አሥር ቀን መለጠፍ ምን ይከብዳል? እዚያ ሰፈር ለሠላሳ ዓመት የኖረች እናት ውሃ በየት በኩል እንደሚወርድ ከኔ ኮምፒውተር በተሻለ ታውቃለች።

ከሁሉም በላይ ግን በሩን ተመልከቱ። የግቢውን በር። ጅማ ያሉ ብዙ ሕንፃዎች በራቸው በቀጥታ የእግረኛው መንገድ ጫፍ ላይ ነው። መኪና ይመጣል፣ ጥበቃው ይወጣል፣ መታወቂያ ያያል፣ ኮፈን ያስከፍታል፣ ከዚያ በሩን ይገፋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የመኪናው ቂጥ አስፋልቱ ላይ ነው። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ያማረው የእግረኛ መንገድ ላይ ደግሞ መኪናው ራሱ ተጋድሟል፤ እግረኛው ወርዶ አስፋልት ውስጥ ይዞራል። መፍትሔው በሩን 6 ሜትር ወደ ውስጥ ማስገባት ነው፤ አንድ መኪና ሙሉ በሙሉ ከመንገድ ወጥቶ ይጠብቃል። ብረቱ ያው ነው፣ ጥበቃውም ያው ነው፣ መስመሩን ወረቀት ላይ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ እንዲህ በርካሽ የሚገኝ ነገር የለም፤ ሆኖም ግምገማ ላይ ሲነሳ የሰማሁት ከስንት አንዴ ነው።

የአካል ጉዳተኛውንም ላንሳ። የ624ቱ አዋጅ አንቀጽ 36 የሕዝብ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድም፣ ደረጃ መውጣት ለማይችልም መግቢያ ይኑረው ይላል። ስለዚህ ራምፕ ይሳላል። ከዚያ ራምፑ ጫፍ ላይ መኪና ይቆምበታል፤ ወይም ራምፑ የሚጀምረው 15 ሴንቲ ከፍ ካለ ጠርዝ ላይ ነው። ራምፑን ገምግመውታል። ወደ ራምፑ የሚወስደውን መንገድ ግን ማንም አላየውም። ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ የሚሆን ማቆሚያ 3.50 ስፋት ይፈልጋል፤ መግቢያው አጠገብ መሆን አለበት እንጂ የተረፈው ጥግ ላይ አይሰጥም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው ጅማም እየደረሰ ነው። ንጣፉ ከመነጠፉ በፊት ለቻርጀሩ ገመድ ባዶ ቱቦ መቅበር ይህን ያህል አያስወጣም። በኋላ ከሆነ ንጣፉን ፈልፍለህ ነው።

ወደ ሀጂ ልመለስ። ምድር ቤቱ ቀረ። ሕንፃው ወደ ፊት ቀረበ፣ ኋላ 11 ሜትር ተተወ፤ 5 ለማቆሚያ፣ 6 ለመተላለፊያ። ሰባት መኪና፤ አንደኛው ሰፊው ነው። ከምድር ቤቱ የሚያንሰው በአንድ ብቻ! ጥጉ ላይ የነበረው የአቮካዶ ዛፍም ተረፈ፤ ሥሩ ግን መኪና አይቆምም፣ ፍሬው ሲበስል የሚወድቀው የማንንም ኮፈን መርጦ አይደለም። በጎን 4 ሜትር መግቢያ ወጣ፣ በሩ ወደ ውስጥ ገባ። ፊት ለፊት እግረኛው ወደ ሀጂ ይዞታ ገባ ብሎ እንዲያልፍና ጠርዙ ላይ ባጃጅ እንዲቆም ተደረገ፤ ለዚህ ከመንገድ ሥራ ጋር መነጋገር ነበረብን፤ እሱ ራሱ ሌላ ታሪክ ነው።

በመግቢያው ምክንያት አምስት የነበረው ሱቅ አራት ሆነ። ሀጂ በዚህ ተቆጡ።

«አንድ ሱቅ በየወሩ ስንት እንደሚያከራይ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ሀጂ። ግን ባንኩ ፎቁን ሊከራይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው መኪናዬን የት አቆማለሁ ነው።»

ዝም አሉ። ከልጆቻቸው ጋር ተማክረው ተመለሱ፤ የቁፋሮው ወጪ መቅረቱን ከሱቁ ኪራይ ጋር አስልተውታል። ነጋዴ ናቸው፣ ከኔ በላይ ነው ያሰሉት።

ግምገማው ላይ ብዙው እንደተለመደው ሄደ። ስለ መስታወቱ ተወራ። ከዚያ አንድ እስካሁን ቃል ያልተናገረ ወጣት ገምጋሚ ሳይት ፕላኑን ወደ ራሱ ሳበና «ሴፕቲክ ታንኩን የሚመጠው መኪና የት ቆሞ ነው የሚመጠው?» አለ። ሀጂ ወደ እኔ ዞሩ። በመግቢያው ገብቶ ሦስተኛው ማቆሚያ ላይ፣ እሑድ ጠዋት ቢሮው ሲዘጋ አልኩት። የመኪናውን ቁመት ጠየቀኝ፤ የመግቢያው ጣሪያ ስንት እንደሆነም ጠየቀኝ። 20 ሴንቲ ያንሳል። የመጀመሪያውን ፎቅ ወለል እዚያ ጋ ከፍ ማድረግ አለብን፤ አሁን እሱን እየሳልኩ ነው።